አደሱ የት ይቀመጥ

«ምንጩ ጋ ደርሻለሁ» ይላል ኑዕማን በስልኩ። «ውሃ ግን የለውም። ድንጋይ ብቻ ነው።»

«ውሃው በበጋ ይሸሻል፣ አትስጋ» ትላለች እናቴ። «ፊትህን ወደ ቁልቋሉ አጥር አዙር። ቁልቋሉ አለ?»

«አለ፣ አያቴ።»

እናቴ ቀና ብላ ታየኛለች። ከአገራችን ያስወጡን ሰዎች ቤቱን ያፈርሳሉ፣ መስጊዱን ያፈርሳሉ፣ ቁልቋልን ግን ነቅለው አይጨርሱትም፤ ይህን እየሰማን ነው ያደግነው።

ዛሬ ዒድ ነው። ከስግደት በኋላ የስደተኛ ካምፑ ሰው ሁሉ የአደስ ዝንጣፊ ይዞ ሙታኑን ሊጠይቅ ወደ መቃብር ይወርዳል። የእናቷ መቃብር ከድንበሩ ወዲያ የቀረባት እንደ እናቴ ያለች ሴት ደግሞ ጠያቂ የሌለው የባዕድ መቃብር ትፈልጋለች። «እኔ ላንቺ፣ ለእናቴ ደግሞ ሌላ ሰው» ብላ አደሷን እዚያ ታስቀምጣለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ዘንድሮ ግን ኑዕማን አለላት፤ በርሊን ተወልዶ ያደገው የወንድሜ የዓዋድ ልጅ። እኛ ከዚህ ከሊባኖስ የድንበሩን ተራራ በዓይናችን እናየዋለን እንጂ አንረግጠውም። እሱ በጀርመን ፓስፖርቱ ገብቶ፣ አደስ ገዝቶ፣ መንደራችን ዓይን ሹመር ላይ ቆሟል። የአያቴ፣ የእናቴ እናት መቃብር የት እንደሆነ ከእናቴ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም።

ጎረቤታችን አቡ መርዋን አውቃለሁ ይላል። ከዓይን ሹመር የወጣው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነው፤ ስለ መንደሩ ሲወራ ግን አፉ አያርፍም። አሁንም የዒዱን የቴምር ብስኩት ሰሃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያመላክታል።

«ከቁልቋሉ ወደ ቀኝ በይው» ይላል።

«አንተ ዓይንህን ሳትገልጥ ነው የወጣኸው። ብስኩትህን ብላ።»

«ኡም ዓዋድ፣ አባቴ ነግሮኛል እኮ» ይላታል እናቴን።

«አባትህ የገዛ አህያውን ሰው ማሳ ውስጥ ሲፈልግ የሚውል ሰው ነበር። ኑዕማን፣ ወደ ግራ ውጣ። የወይራ መጭመቂያው ድንጋይ ይታይሃል።»

ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ። በቪዲዮው የሚታየው ጥድ ብቻ ነው፤ መንደሩን ካፈረሱ በኋላ ደን ተክለውበታል፣ ሽርሽር ለሚመጣ ሰው ጠረጴዛም አኑረዋል። ልጁ ዳገቱን እያለከለከ ይወጣል። ከዚያ አንድ ክብ ድንጋይ ይመጣል፣ ግማሹን አፈር ውጦታል።

«አገኘሁት» ይላል።

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ትይዘኛለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ለቅሶ ሊያመልጠኝ ነው። አቡ መርዋን እንኳ ማኘኩን ትቷል።

«በርታ የኔ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ ቅርብ ነው። መንገዱ ይጠባል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ራስህን ዝቅ አድርግ፣ የመብራቱ ሽቦ እንዳይነካህ።»

«የምን ሽቦ?» ይላል አቡ መርዋን። «ያኔ መብራት የት ነበርና?»

«ዝም በል አልኩህ።» ዓይኗን ጨፍናለች። «ሽቦውን ስታልፍ ሰማያዊው የውሃ ታንከር አለ። ሁልጊዜ ያፈሳል፣ እንዳያንሸራትትህ። ከዚያ ፀጉር ቤቱ ጋ ታጠፍ።»

ሰማያዊው ታንከር ከመስኮታችን ስር ነው ያለው። አሁንም ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ፀጉር ቤቱም እዚሁ ካምፑ ውስጥ የአቡ መርዋን ልጅ የሚሠራበት ነው። አቡ መርዋን ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ስንት ዓመት ሲሟገታት የኖረው ሰውዬ ዓይኑን ወደ ሰሃኑ ይመልሳል።

«አያቴ፣ እዚህ ታንከር የለም። ዛፍ ነው።»

«አለ፣ አስተውለህ እይ። ቀጥሎ ደረጃው ነው። የመጨረሻው እርከን ተሰብሯል፣ አሠሩት ብል ማን ይስማኝ። ከሱ በላይ አረንጓዴው የብረት በር ነው። እናቴ እዚያ ናት።»

ዛሬ ጠዋት አደስ ይዤ ስመለስ በዚያ እርከን ላይ ልወድቅ ነበር። የቤታችንን በር አረንጓዴ የቀባሁትም እኔው ነኝ።

ዓይን ሹመርን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶን ነበር። አሁን እሱም የለንም። ከምንጩ እስከ መጭመቂያው ያለችው ቁራጭ ብቻ ናት የተረፈችን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ካምፑ በልቶታል። መቼ እንደጀመራት አላህ ይወቀው።

«እማዬ» እላታለሁ፣ «ትንሽ ረፍት አድርጊ።»

«ተይኝ፣ ደርሷል። ኑዕማን፣ ደረስክ አይደል?»

ኑዕማን ስልኩን ዙሪያውን ያዞረዋል። ጥድ፣ ሌላ ጥድ፣ የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ደግሞ ጥድ።

«አክስቴ» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህ ምንም የለም። አደሱን የት ላስቀምጠው?»

ምን ልበለው? ያን ያህል አገር አቋርጦ የመጣ ልጅ።

«እዚያው እግርህ ስር አስቀምጠው» እላለሁ። «ፋቲሃም ቅራላት።»

ጎንበስ ብሎ አደሱን በረገፈው የጥድ ቅጠል ላይ ያጋድመዋል። መዳፉን ዘርግቶ በዚያ ስብርብር ባለ አረብኛው ይቀራል። አቡ መርዋንም ሰሃኑን መሬት አስቀምጦ እጁን ይዘረጋል፣ እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ።

እናቴ ግን እጇን አልዘረጋችም። ፊቷን ከስልኩ አንስታ ወደ በራችን አዙራለች፣ እያዳመጠች።

«ምን ተቀምጠሽ ታዪኛለሽ?» ትለኛለች። «ልጁ ደጅ ቆሟል። ክፈቺለት እንጂ።»

ተነስቼ እከፍትለታለሁ።