የማንኪያው ልዑል

ጥርስ ሠሪዋ ቀኑን የምታሳልፈው ከማይናገሩ አፎች ጋር ነው። ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ሐኪሙ የላከላትን፣ ከታካሚ አፍ የተቀዳ የጄሶ ቅርጽ ይዛ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ጥርስ ትሠራለች። ባለጥርሶቹን አይታቸው አታውቅም። አመሻሹ ላይ የጄሶውን ብናኝ ከቅንድቧ አራግፋ ቤቷ ትገባለች፤ እዚያም የሚያናግራት የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ታላቅ እህቷ አግብታ እስክትወጣ ድረስ አብረው ይኖሩ ነበር፤ አብረውም አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ያዩ ነበር። በየሦስት ወሩ አዲስ ወቅት ሲገባ ተከታታዮቹ ሠላሳ አርባ ሆነው ባንዴ ይጎርፋሉ። የቱ ይታይ፣ የቱ ይቅር የሚለውን የምትቆርጠው እህቷ ነበረች። የመጀመሪያውን ክፍል ገና ሳትጨርስ "አይረባም" ካለች አለቀ፤ ይግባኝ የለውም። እሷ ከሄደች ወዲህ ግን ጥርስ ሠሪዋ የተደረደሩትን ሥዕሎች ስታይ ስታይ ትቆይና፣ አንዱንም ሳትከፍት ትተኛለች።

ያዳናት ግድግዳው ነው።

ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" ለማለት ይዳዳታል። ከወዲያ በኩል አንድ የሊፍት ጠጋኝ ይኖራል። የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ደረጃው ላይ ሲያልፍ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላታል፤ እሷም እንዲሁ። ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አንድ ምሽት ግን ከቤቱ የአዲስ አኒሜ መግቢያ ዘፈን ሰማች። ታሪኩ ደሴት ላይ ብቻውን እየኖረ ለመርከቦች መብራት ስለሚያበራ ሰው ነበር። ከፍታ አየችው፤ ወደደችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆነ። ወቅት በገባ ቁጥር ጆሮዋን ታቆማለች። ዘፈኑ በየሳምንቱ የሚመለሰውን ትከታተላለች፤ ጠፍቶ የቀረውን እሷም ትተዋለች። ሰውየው ምርጫ ያውቃል። አንዳንዴማ እሷ እንዲያው የከፈተችውን እንኳ በማግስቱ እሱም ሲያየው ትሰማና፣ ገጠምን ብላ ብቻዋን ትስቃለች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏት እህቷ ቤት ሰንብታ ስትመለስ፣ እሱም ምንም ክፍል አልቀደማትም ነበር፤ ሁለቱም ካቆሙበት ቀጠሉ። እሱም ለካ መንገድ ሄዶ ኖሯል አለች በልቧ።

እህቷ በየጊዜው ትደውላለች። ትርፍ ክፍል አለን፣ ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ፣ እዚያ ምን አለሽ ትላታለች። ጥርስ ሠሪዋ ሥራው ይርቀኛል እያለች ታልፈዋለች። ግድግዳ አለኝ አይባል ነገር።

በዚህኛው ወቅት ግን የማንኪያው ልዑል መጣ።

ተረግሞ ማንኪያ የሆነ ልዑል ነው። ታሪኩ በሙሉ መሳቢያ ውስጥ ያልቃል። ሹካዎቹ ያለቅሳሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ከፍታ ሳለች እህቷ ደውላ ወሬ ያዙና፣ ክፍሉ እስኪያልቅ ድረስ ልዑሉ ብቻውን ጮኸ። ሁለተኛ አላይህም ብላ ነበር። በማግስቱ ያ አደንቋሪ ዘፈን ከግድግዳው ወዲያ ተነሣ። የሊፍት ጠጋኙ ካየውማ የሆነ ነገር ቢኖረው ነው ብላ ቀጠለች። ሳምንት በሳምንት ላይ ቢደረብም ምንም አልነበረውም። ዘፈኑ ግን አልቀረም።

ምክንያቱን ያገኘችው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ማንኪያው እየጮኸ ሳለ ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ ሰማች። ሴትየዋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። በማግስቱ በሩ ላይ የሴት ጫማ ነበር፤ በሳልስቱም አልተነሣም።

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠላት። ምርጫው የእሱ አይደለም፤ የሴትየዋ ነው። ሰው ከወደደ ማንኪያም ያያል።

የገረማት የራሷ መከፋት ነው። ምኗ ነው? ስሙን እንኳ አታውቀውም። ቢሆንም ያን ሳምንት ለአንድ ሽማግሌ የምትሠራውን ጥርስ ሁለቴ አበላሸች። ሐኪሙ ምን ሆንሽ ቢላት እንቅልፍ አጥቼ ነው አለችው። አመሻሹ ላይ ራሷ ለእህቷ ደወለችና እመጣለሁ አለቻት። እህቷ ከደስታዋ ብዛት ምክንያቱን መጠየቅ ረሳች።

ዕቃዋን ጠቅልላ ስትጨርስ፣ ሳይሰናበቱ መሄድ ነውር ነው ብላ አሰበች። እውነቱን ለመናገር፣ ሴትየዋን አንዴ ማየት ፈልጋ ነው። ፀጉሯን አሰረችው፣ መልሳ ፈታችው፣ ወጥታ አንኳኳች።

የከፈቱላት አንዲት ሽበታም ሴት ናቸው። የልጃቸውን ሰፊ ሹራብ ደርበዋል፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል። ከኋላቸው የሊፍት ጠጋኙ ከሶፋው ብድግ ብሎ፣ መግባትም መውጣትም አቅቶት ቆሞ ቀረ።

ጥርስ ሠሪዋ የወዲያኛው ቤት ጎረቤት መሆኗን፣ ነገ እንደምትለቅ፣ ለመሰናበት እንደመጣች ተናገረች። እናትየው ዞረው ልጃቸውን አዩት። ከዚያ እሷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ባለግድግዳዋ አንቺ ነሻ። እባክሽ ልጄ፣ ብትሄጂም ባትሄጂም ያን የማንኪያ ነገር መጀመሪያ ተዪልኝ፤ 'እሷ ሳትተወው እኔ አልተውም' እያለ ሊያሳብደኝ ነው።"