ወዳጆ ሽበቱን የተቀባ ዕለት

«አትነቃነቅ… ግንባርህን ያጠቁረዋል።»

ጥሩሸዋ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ የባሏን ፀጉር በማበጠሪያ እየከፈለች ቀለም ትቀባዋለች።

ወዳጆ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩና የጆሮው ዙሪያ ቫዝሊን ተለቅልቋል።

ክረምት የሚያርስ፣ በጋ የበግ ፀጉር ባና የሚሸምን የሞላሌ ሰው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሽበቱ የመጣው ገና በሠላሳዎቹ ስለሆነ ለምዶታል። መቀባት አስቦ አያውቅም።

ግን ልጁ ይታየው ከደብረ ብርሃን ደወለ።

ሽማግሌ ልኮ ነበር… ልጅቷ እየሩስ ተፈቅዳለታለች። አሁን ቤተሰቧ ከአባቱ ወገን አንድ ሰው በዓይናችን እንይ ብለዋል። የሚኖሩት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነው።

«አባዬ… አንድ ነገር ብቻ። ሽበትዎን ይቀቡልኝ። አያቴ ነው የሚመስሏቸው።»

ወዳጆ ሳቀ። ልጅ ለአንድ ቀን ቢያፍርብኝ ምን ይለኛል አለ በልቡ።

ቀለሙን የመረጠችው ጥሩሸዋ ናት።

ባለሱቋ ጥቁር ቡኒውን አውጥታ፣ ለሱ ዕድሜ የተፈጥሮ የሚመስለው ይሄ ነው ብላት ነበር። ጥሩሸዋ እምቢ አለች። ድፍን ጥቁሩን ስጪኝ… አንድም ነጭ መታየት የለበትም አለች።

እንዳያሳክከው ብላ ከጆሮው ጀርባ ጥቂት ቀብታ ሁለት ቀን ጠበቀች። ደኅና ሆነ።

ከዚያ የቀለሙን ሁለት ቱቦ እኩል ለእኩል በላስቲክ ሳህን በጠበጠች። ከሥሩ ጀምራ ቀባች። ሠላሳ ደቂቃ በሰዓት ቆጥራ፣ ለብ ባለ ውሃ አጠበችው።

ወዳጆ መስታወት አየ… ሃያ ዓመት ወርዶለታል።

ሌላ ሚስት ልፈልግ እንዴ ብሎ ቀለደባት።

ጥሩሸዋ አልሳቀችም።

አብረን እንሂድ ቢላትም ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቀረች።

አባትና ልጅ ዓለም ከተማ ሲደርሱ የእየሩስ ቤተሰብ ነቅሎ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ይታየው የአባቱን ትከሻ ያዝ አደረገና…

«አጎቴ ናቸው» አለ። «የአባቴ ታናሽ ወንድም።»

ወዳጆ ተሳስቶ የሰማ መሰለው።

ዞሮ ልጁን አየው። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

የእየሩስ አባት አቅፈው አስገቡት፤ አጠገባቸው አስቀመጡት። ወግ ካደረሱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው…

«የወንድምዎን ነፍስ ይማር። ፎቷቸውን ልጄ አሳይታኝ ነበር… ቁርጥ እርስዎን። ሽበታቸው ነው የሚለያችሁ።»

ያን ጊዜ ገባው።

ቀለሙ ወጣት እንዲመስል አልነበረም… ፎቶው ላይ ያለውን ሟች እንዳይመስል ነው።

ወዳጆ አባቱ ሲሞት ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሰው ቤት፣ የሰው ፊት እያየ አደገ። ስለዚያ ዘመን ለማንም አያወራም። አንድ ነገር ግን ለራሱ ምሎ ነበር… የኔ ልጅ አባት የለውም አይባልም።

አሁን ተባለ። ያውም በልጁ አፍ።

የእየሩስ አባት መልሱን ይጠብቃሉ። አባቱ እኔ ነኝ ቢል ሠርጉ እዚያው ይፈርሳል።

«አሜን» አለ ወዳጆ። «እናንተን ያኑርልን።»

«ምን አሟቸው ነበር?»

«እሱን ይታየውን ይጠይቁት… ሲሞት አጠገቡ የነበረው እሱ ነው።»

ሲመለሱ ይታየው መኪና ውስጥ ሁሉንም አወጣው።

የእየሩስ ቤተሰብ ዘር ይቆጥራል። የሸማኔ ልጅ ነኝ ማለት አሳፈረው። ገና ሲተዋወቁ አባቴ መምህር ነበር፣ ሞቷል ብሎ ነገራት… ከዚያ መመለሻ አጣ። ከአባትህ ወገን ሰው አምጣ ሲሉት ደግሞ ከወዳጆ በቀር ማንም አልነበረውም።

«ይቅር ይበሉኝ አባዬ… እማዬም እኮ ታውቃለች።»

ይቅርታው ወዳጆ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ጥሩሸዋ ፊቱን አየች። እንዴት ነበር አላለችውም።

«ሠርጉ ቢፈርስ ልጃችን አይመለስም ብዬ ነው» አለች። «አንዳችሁንም እንዳላጣ ብዬ።»

«አንዱን አጥተሻል።»

ምላጭ አንሥቶ ያን ድፍን ጥቁር ፀጉር ከሥሩ ላጨው።

በማግስቱ ገበያ ወጣ።

በእኛ አገር ሰው እንዲህ ድንገት ራሱን ተላጭቶ ከታየ ሐዘን ገብቶበታል ማለት ነው። ያየው ሁሉ እየቆመ፣ እግዜር ያጥናህ እያለ፣ ማን ሞቶብህ ነው ብሎ ይጠይቀዋል።

ወዳጆም ለሁሉም አንድ መልስ ይሰጣል።

«የይታየው አባት።»

ሰው መጀመሪያ ይስቃል… ፊቱን ሲያይ ግን ሳቁን ይውጣል።

ወገኖቼ…

ሽበት ይቀባል፣ ይላጫል፣ መልሶም ይበቅላል። በልጁ አፍ የሞተ አባት ግን «ይቅርታ» ስለተባለ ብቻ አይነሣም።

በወላጁ የሚያፍር ልጅ ጥፋተኛ ነው… ለሰላም ብሎ ውሸቱን የሚደግፍም ከሱ አያንስም።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ… በወዳጆ ቦታ ብትሆኑ፣ ለገዛ ነፍሳችሁ «ነፍስ ይማር» ስትባሉ «አሜን» ትሉ ነበር ወይስ «እኔ ነኝ አባቱ» ብላችሁ ትነሡ ነበር?

ይቅር ለማለትስ የሚከብዳችሁ ማን ነው… የካደው ልጅ ወይስ እያወቀች ቀለሙን የቀባችው ሚስት?

ከታች ጻፉልኝ፤ እያንዳንዱን አነባለሁ።