የመርከበኞቹ ጋዜጣ

ባየሽ ሃያ ስምንት ዓመት የወንድሟ መርዶ ብላ ያስቀመጠችውን ወረቀት የልብስ ማድረቂያ ማሽኑ ላይ ዘረጋችው። በጦርነቱ ጊዜ መርከበኞች እዚያው ጦር መርከባቸው ላይ እያባዙ የሚያወጡት ጋዜጣ ነበር። "ጋሼ ኤጀታ፣ ባሕር ኃይል ነበርክ አሉ። እንዴት እንደሞተ ንገረኝ።"

አሜሪካ፣ ኒው ሆፕ ከተማ ጎረቤቷ የሆነው ኤጀታ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር በየኪሱ ሲፈልግ ቆይቶ አነበበ። የገዛ ራሱ ጽሑፍ ነበር፤ ያኔ በቀልድ ማን ይችለው።

"ባየሽ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው" አላት። "ጥበቃ ላይ እንቅልፍ የጣለውን ሁሉ ሞተ ብለን እናወጣበት ነበር።"

"እኔ እኮ ሞቷል ብዬ አላፈላለግሁትም" አለች ባየሽ። "ታዲያ የት ሄደ?"

ኤጀታ ይህ እትም በወጣበት ሳምንት ቆስሎ ከመርከቧ ወርዶ ነበር። ግራ ገብቶት፣ የሚቀጥለው እትም እዚያ ያለ ይመስል ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።