የዳኛዋ ምድጃ

ትልቁ የመጫወቻ ምድጃ እንኳን ከልጅቷ ጉልበት ብዙም አላለፈም፤ ስለዚህ ተንበርክካ ነው የምትሠራው። በአንድ እጇ የፕላስቲኩን ድስት ይዛ በሌላው ታማስላለች። እናቷ ከኋላዋ ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«የሚገዛላት ልጅ የስንት ዓመት ናት?» አለች የሱቁ ሻጭ።

«አምስት» አለች እናት። ምላሷ ቀደማት። ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምምና «ለታናሽ እህቷ ነው» ብላ ደገፈችው።

ታናሽ እህት የለችም። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ያቺው የተንበረከከችው፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት፣ በቁመት እናቷን ልትደርስ ጥቂት የቀራት።

እናት የፋብሪካ ክበብ ወጥ ቤት ናት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ድስት ሥር ነው ያደገችው። ለማታ ተረኞች እራት ሲደርስ እናት ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግላታለች። ልጅቷ ልሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ታስብና ወይ «ጨው አንሶታል» ወይ «ልክ ነው» ትላለች። «ልክ ነው» ሳትል ድስት አይወጣም። ሠራተኞቹ «ዳኛዋ» ነበር የሚሏት፤ እራት የዘገየ ቀን «ዛሬ ደግሞ ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጠች» ብለው ይስቁ ነበር።

ባለፈው ክረምት ትኩሳት ያዛትና ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ነፍሷ ተረፈች፣ እናትም ተመስገን ማለት አልተወችም። ግን ከአልጋ የተነሣችው ልጅ ጫማዋን ማሰር የጠፋባት፣ የጀመረችውን ነገር መሀል ላይ የምትረሳ ልጅ ሆነች። በቅርቡ ደግሞ የቤቱን ጋዝ ከፍታ ሳትለኩሰው እያንጎራጎረች ወጣች። ሐኪም ቤት የምታለማምዳት ሴት «የእውነቱን ማድቤት ለጊዜው ይዝጉባት፣ የመጫወቻ ምድጃ ይግዙላት። እጇ የሚያስታውሰው ነገር ካለ ከዚያ እንጀምር» አለች። እናት «እሺ» ብላ ወጣችና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የማድቤቱ ቁልፍ ከቦርሳዋ አይወጣም።

ሻጯ ሥራዋ ነውና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ታላቅ አንቺ ነሽ እንግዲህ። ለእህትሽ የትኛውን እንስጣት? ይሄን ትልቁን ወይስ ያንን ሮዙን?»

ልጅቷ ማማሰሏን አቆመች። «ለእህቴ?»

«አዎ፣ ለትንሿ።»

ልጅቷ ደስ አላት። ማማሰያውን በቀሚሷ ጠርጋ ቦታው መለሰች፣ ድስቱን ከደነች። ከዚያም ተነሥታ፣ የሰው ዕቃ አትንኪ እንደተባለች ሁሉ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«ሮዙ ይሁንላት» አለች። «ትንሽ ናት፣ ትልቁን አትደርስበትም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይሄው ነው። ልጅቷ ዓይኗን ከትልቁ ምድጃ መንቀል አቅቷታል፣ እጇን ግን ከኋላዋ አላመጣችም። እናት ያፈረችው ሻጯን ነበር፤ ከዛሬ በኋላ ዳግም የማታያትን ሴት። ለእሷ ብላ ልጇን ከገዛ ምድጃዋ አስነሣች።

«እማዬ፣ ቤት ስንገባ እህቴ ትመጣለች?»

«እህት የለሽም፣ የኔ እናት።» አለቻት። ወደ ሻጯ ዞረች። «ዋሽቼሽ ነው። ለራሷ ነው የምገዛው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ታማብኝ ነው። ትልቁን ስጪኝ።»

ሻጯ ወደ ጓዳ ገብታ ጠንካራ ካርቶኖች አመጣች፣ ደራረበቻቸው፣ ትልቁን ምድጃ አንስታ ላያቸው ላይ አስቀመጠችው። «ቤት ጠረጴዛ ላይ ያድርጉላት፤ ቆማ ትሠራለች» አለች።

«ያንቺ ነው» አለች እናት ለልጇ። «በይ ወደ ሥራሽ።»

የልጅቷ እጆች ቀስ ብለው ከኋላዋ መጡ። ማዞሪያውን አዞረች። የእጇን ጀርባ ከምድጃው በላይ ዘርግታ ሙቀቱን ጠበቀች። የድስቱን እጀታ፣ ሰው ሲያልፍ እንዳይገጨው፣ ወደ ውስጥ መለሰችው። ዱሮ እናቷ ያስተማረቻትን ነው፤ ዛሬ ማንም አላስታወሳትም። እጇ አልረሳም፣ እጇ አልረሳም አለች እናት በሆዷ።

ልጅቷ ብዙ አማሰለች። ከዚያ ማማሰያውን አነሣችና «እጅሽን» አለች።

እናት መዳፏን ዘረጋች። ልጅቷ በሌላ እጇ ከሥር ደግፋ ባዶውን ማማሰያ ጠብ አደረገችላት። እናት ላሰች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

«ልክ ነው» አለች።

ዳኛዋ ግን ልጅቷ ናት። በራሷም መዳፍ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ስትገልጠው ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሄዷል።

«ምንም የለውም እኮ» አለች በቀስታ። ድስቱን አየች፣ ከምድጃው ሥር የተደረደሩትን ካርቶኖች አየች፣ እናቷን አየች። «እማዬ፣ የእውነቱን ለምን ዘጋሽብኝ?»

እናት መዳፏ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። የያዘችው እንዳይፈስባት ይመስል ጨበጠችው።