ከጨረቃ ጀርባ የመጣው ምስል

ግዙፎቹ መስታወቶች ሰማይ ላይ ተሰቅለው የፀሐይን ብርሃን ማታም ማንጸባረቅ ከጀመሩ ወዲህ ጨለማ የለም። የትርሲት እናት ትንሿን ልጇን የምታስተኛት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ነው።

ትርሲት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለች፣ ፕሮፌሰር ገነነ ከጨረቃ ጀርባ ባለው ቴሌስኮፕ የተመደበላቸውን ሰዓት ለምርምሯ ሰጧት።

«እርስዎስ?» አለቻቸው።

«እኔ በልጅነቴ ኮከብ ጠግቤ አይቻለሁ።»

ምስሉ የደረሰ ዕለት እናቷንና እህቷን ቤተ ሙከራው ድረስ ወሰደቻቸው። ስክሪኑ በከዋክብት ተሞላ።

«እማዬ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?» አለች ትንሿ።

«ከዋክብት ናቸው ልጄ» አለች እናት፤ ከዚያም አጠገባቸው ወደቆሙት ፕሮፌሰር ዞረች። «እኔ ላሳያት ያልቻልኩትን አሳይተውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ!»

ፕሮፌሰሩ አልሰሟትም። እንደ ትንሿ ልጅ አፋቸውን ከፍተው ስክሪኑ ላይ ፈዘዋል።