የባሽር አሥራ አንድ ሴት ልጆች

ደባርቅ ላይ ባሽርን የማያውቅ አልነበረም። ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ከሚስቱ ከዘሀራ ሦስት ወንዶች ልጆች የወለደ ሰው ነው። በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ግን የቀበሌው መዝገብ ሲገለጥ አሥራ አንድ ሴት ልጆች ተገኙበት። አሥራ አንዱም መታወቂያ የወሰዱት፣ በመታወቂያውም ፓስፖርት ያወጡት ባሽር የሚል የአባት ስም ይዘው ነው። ፖሊስ በሐሰተኛ ሰነድ ጠርጥሮ አሰረው።

ሬዲዮ ባይኖር ነገሩ እዚያው ላይ ይቆም ነበር።

በማግስቱ ሬዲዮው «ሴቶቹ ከሽብር ቡድን ጋር ግንኙነት ሊኖራቸው እንደሚችል ተገምቷል» አለ። ማን እንደገመተ አልተናገረም፤ ከተማውም አልጠየቀም። ሳምንት ሳይሞላ ሰው በባሽር ሱቅ በር ምራቁን እየተፋ ያልፍ ጀመር።

የባሽር የጓሮ ጎረቤት ሙሌ ይባላል። የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ተሳስቻለሁ ማለትን የማያውቅ ሰው ነው። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ አጥር ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ አጥር ላይ እሳትም በርበሬም ተቀባብለዋል። አሁን ሙሌ ያንን ሲያስበው ያንገሸግሸዋል።

ማዕረግ የሚባል ጋዜጠኛ ከጎንደር መጥቶ መቅረጸ ድምፁን ደገነበት።

«ምን አዩ ጋሼ?»

«ምን ያላየሁት አለ! ከጥምቀት ወዲህ ሴቶች ተሸፋፍነው በጓሮ በር ይገባሉ። ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። አንዷማ ገና ስታየኝ ደንብራ አጥር ዘላ ጠፋች። እኔ ምኔ ያስደነብራል?»

«ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ዘሀራ በዓረብኛ ቁጥር ታስቆጥራቸዋለች፤ እንደ ወታደር አብረው ይጮኻሉ። ደግሞ የጋዝ ሲሊንደር አስገብተዋል። እስቲ ደባርቅ ላይ በጋዝ የሚያበስል ሰው ጥራልኝ!»

ማዕረግ አንድም ሰው አልጠራም። በማግስቱ ሲሊንደሩ በሬዲዮ «ለፈንጂ መሥሪያ ሊውል የሚችል» ሆነ፤ ቆጠራውም «ሥልጠና የሚመስል»። ሙሌ የገዛ ድምፁን በሬዲዮ ሰማ። ደስ አለው። ለሰው ግን «ስለ አገሬ ብዬ ነው» ይል ነበር።

ሚስቱ ዓለምዬ ደስ አላላትም።

«አንተ ሰው፣ በሰው ቤት ምን አገባህ? ሄደህ ቃልህን አንሳ።»

«ለባሽር እስር ቤት ስንቅ የምትወስጂው አንቺ ነሽ አሉ። አታፍሪም? ልጃችንን ሕሊናን ጎንደር ድረስ ልኬ ነርስነት የማስተምራት እንዲህ ያለ ጉድ አጠገብ እንዳትውል ብዬ ነው። ለጥምቀት መጥታ የከረመችውን ሁለት ሳምንት እንኳን አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።»

ዓለምዬ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። ሙሌ መሸሿን እንደ ጥፋተኝነት ቆጠረው፤ ስንቁንም ከለከላት።

ሐሙስ ዕለት ዘሀራ ራሷ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ግቢ አላላትም።

«ጋሼ ሙሌ፣ በፈጠረዎ ቃልዎን ያንሱልን። አሥሩ ሄደዋል። አንዷ ገና አዲስ አበባ ናት፤ ይይዟታል።»

«ይያዟት!»

«ይቆጭዎታል። ለእኔና ለባሽር ብቻ ብዬ አይደለም የምለምንዎ። ለእርስዎም ነው። ለቤትዎ ነው።»

የሙሌ ደም ፈላ። «ቤቴን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ኧረ ወላሂ! መሐላ ይዞኝ ነው እንጂ እነግርዎ ነበር» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ሙሌ እንባዋን አላየም። እሱ የሰማው ዛቻና መሐላ ነው። ጋቢውን ደርቦ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ ቤትህን እናጠፋዋለን እንዳለችው፣ ሴቶቹ ተማምለው እንደወጡ፣ አንዷም አዲስ አበባ እንደተደበቀች ተናገረ። ወደ ጣቢያው ከተዛወረ ሁለት ወር ያልሞላው ሳጅን የሺዋስ ጽፎ አስፈረመው።

«የእኔ ምርመራ ሐሰተኛ ስም ነው አባት፤ ሽብሩን የጨመረው ሬዲዮው ነው» አለ። «አሁን ግን ጉዳዩ ከእጄ ወጥቶ ወደ ላይ ሄዷል።»

ሬዲዮው «በምስክሩ ላይ ዛቻ ደረሰ» ባለ ዕለት ጎረምሶች የባሽርን ሱቅ ሰባበሩ፤ ከዚያም መጥተው የቤቱን ጣሪያ በድንጋይ ደበደቡት። ሙሌ አጥሩ ሥር ቆሞ አየ፤ ተዉ አላለም። ዘሀራ ሦስት ልጆቿን ይዛ በመጀመሪያው አውቶቡስ ዳባት ዘመዶቿ ዘንድ ገባች። ዓለምዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባሏ ጋር መነጋገር ተወች። ስለ ባሽር ቤት ብላ ጨርሳ የተዋረደች መሰለው።

በሁለተኛው ሳምንት ሳጅኑ ሙሌን አስጠራው።

«አሥራ አንደኛዋ ቦሌ ላይ ወደ ዓረብ አገር ልትሳፈር ስትል ተይዛለች። ፓስፖርቷ ሩመይሳ ባሽር ይላል። እውነተኛ ስምሽን ንገሪን፣ የማን ልጅ ነሽ ስትባል አሻፈረኝ አለች። ማንነቷ ዛሬ ካልታወቀ በሽብር ነው የምትከሰሰው፤ ያ ከሆነ ደግሞ ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች። በዓይንዎ ያዩ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ እንዲለዩዋት ከአዲስ አበባ አምጥተዋታል።»

«ከሺህ መሐል እለያታለሁ!»

«እንዳይሳሳቱ።»

«እኔ?» አለ ሙሌ።

ሳጅኑ በሩን ከፈተ። ልጅቷ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ሻሽ እስከ ዓይኗ ድረስ ስባለች። ሙሌ ደረቱን ነፍቶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ሻሹን ዝቅ አድርጊው» አላት ሳጅኑ።

ዝቅ አደረገችው። ሳጅን የሺዋስ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። ሙሌ ወደ ኋላ ሸሸና ግድግዳውን ተደገፈ።

ሳጅኑ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺስ? እኚህን ሰው ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አለች ሕሊና።