አሮጌው ስልክና በሩ

ፕሮግራመሯ ባሏ ቤት ሳይደርስ መጨረስ አለባት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ስልክ አለ፣ አንድ አዲስ አንድ አሮጌ። አጠገባቸው ጣውላ ላይ የተገጠመ የበር ቁልፍ። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት በስልክ የሚከፈት ቁልፍ ይሠራል፤ የእሷም ቤት በር በዚሁ ነው የሚከፈተው።

ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። በር መታኝ ብላለች። በግራዋ ኮድ ትጽፋለች።

አዲሱ ስልክ ልክ ነው። ያስቸገረው አሮጌው ነው። የባሏም እንደሱ ያለ ነው።

«ምን ሆንኩ አለ ደግሞ?» አለ ከጎኗ የሚሠራው ቀጮ።

«ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚለው መልስ ለአዲሱ አዎ ወይም አይ ሆኖ ይደርሰዋል። ለአሮጌው ግን ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ጽሑፍ መምጣቱን እንጂ ምን እንደሚል አያይም።»

«ለሰውዬሽ አዲስ ግዢለትና ሁላችንም እንረፍ።»

«አሮጌውን አይለቅም።»

ስልኳ ጠራ። ታናሽ እህቷ ናት፤ ልጆቹን ይዛ ፌርማታ ተጠልላለች።

«እትዬ፣ እንግባ?»

«ቆዩ፣ ገና ነው።»

ቀጮ ከንፈሩን መጠጠ። «ቤተሰቡ በሙሉ ደጅ ቀረ በይኛ።»

ጽሑፉን ወደ አዎና አይ ቀየረችው። አሮጌውን ስልክ ቁልፉ ላይ አስጠጋች። ያው ነው።

ኮዱን ከላይ ወደ ታች አነበበችው። በአሮጌው ስልክ አዲሱ መልስ ከተቀመጠበት የኮድ ክፍል አይወጣም። ቁልፉን የሚያዘው ክፍል ውጭ ቆሞ የትናንቱን መልስ እንደያዘ ነው።

ባሏ ደወለ። ድምፁ ቀጮ ድረስ ተሰማ። «መጣሁ። እቤት እንገናኛለን።» ዘጋው።

«አይዞሽ፣ ትንሽ ዝናብ አይገድለውም» አለ ቀጮ።

አልሳቀችም። መልሱን ከውስጠኛው ክፍል አውጥታ ሁሉም ክፍል የሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። እንደገና አስጠጋች። ጆሮዋን ጣል አደረገች። ቁልፉ ድምፅ አላሰማም።

«አሁንም አልሆነም?» አለ ቀጮ። «ተይው በቃ፣ እኔ ልየው።»

እሷ ግን ኮዱን ለሁሉም ስልኮች ላከችው። ከዚያ እህቷ ጋ ደወለች።

«በስልክሽ ክፈቺና ልጆቹን አስገቢያቸው» አለቻት። «ከእንግዲህ አባታቸው በአሮጌው ስልኩ በሩን መክፈት አይችልም።»